ከባሕር በኩል

ያን ክረምት እናቴ ጉሮሮዋን ታማለች ብዬ አምን ነበር።

ሰው ፊት ቃል አይወጣትም። ገበያ ስንሄድ እጄን ጠበቅ አድርጋ ትይዝና የምትፈልገውን በአገጯ ትጠቁመኛለች፤ "አደንጓሬ ስጡን" የምለው እኔ ነኝ። አውቶቡስ ላይ "ወራጅ አለ" ብዬ የምጮኸውም እኔ ነኝ። ጎረቤት ሰላም ሲላት ፈገግ ትልና አንገቷን በሻሿ ሸፈን ታደርጋለች። ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ ግን ሳህን እያጠበች ትዘፍናለች። ውጭ ውጭውን ብቻ የሚያም ጉሮሮ መኖሩ አልገረመኝም። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ብርዱ ነው ብዬ ተውኩት።

ብርዱ አልነበረም። እናቴ ኤርሊንዳ የተወለደችው ከድንበሩ ማዶ፣ ኤል ሳልቫዶር ውስጥ፣ ላ ሳሊና በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አፏን ከከፈተች፣ ቃላቱን ጎተት አድርጋ መጨረሻቸውን የምትውጥበት አነጋገር ያጋልጣታል። በዚያ ዓመት ደግሞ በእኛ አገር በሆንዱራስ የሳልቫዶር ሰው መሆን ቤትን በድንጋይ ለማስደብደብ በቂ ነበር። ሰዎቹን ከየእርሻቸው እያባረሩ፣ ከየቤታቸው እያፈሱ ወደ ስታዲየም ይወስዷቸው ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ስታዲየም የተወሰደ ሰው ኳስ ሊያይ የሄደ መስሎኝ እቀና ነበር።

ቤታችን ቴጉሲጋልፓ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ነው። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ብርጭቆዎቻችን መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። አባቴ ሻምበል አብሳሎን የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነው፤ በበረራ ትምህርት ቤቱም ያስተምራል። ድሮውንም ቁጭ ማለት የማይወድ ሰው ነበር፤ በዚያ ሰሞን ጭራሽ ባሰበት። ሬዲዮኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መልሶ ይከፍታል። ቂጣውን በእጁ ይዞ ከመስኮት ወደ መስኮት ይሄዳል። የመስኮቶቹን መስታወት በሙሉ ወረቀት በመስቀል ቅርጽ ለጥፎባቸዋል። የጸሎት ነገር መስሎኝ ባለፍኩ ቁጥር አማትብ ነበር።

የሚያስተምረውን ትምህርት እራት ላይ እኛ ላይ ይለማመዳል።

"ኦንዲና፣ አውሮፕላን ምን አይችልም?"

"መዋኘት አይችልም!"

"ሌላስ?"

"መቆም አይችልም።"

"ጎበዝ! መቆም አይችልም። ወታደር ኮረብታውን ይዞ ይቆማል። አውሮፕላን ግን ይመጣል፣ ያቃጥላል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ከመነሣትሽ በፊት፣ ስትመለሺ ከዚያ አገር ምን እንዲጎድል እንደምትፈልጊ እወቂ።"

"ኧረ ልጅቷ ትብላበት!" ትለዋለች እናቴ።

"አንድ ብቻ፣ አንድ ብቻ። አውሮፕላን የት ነው የሚገደለው?"

"ሰማይ ላይ።"

"አይደለም። የሚገደለው እንደተኛ ነው፤ መሬት ላይ።"

ከዚያ በኋላ አውሮፕላኖቻችንን ከከተማው እያወጡ በየገጠሩ ማረፊያ ሲያሳድሯቸው አየሁ። አልጋ ጠቧቸው ይሆናል ብዬ ለጓደኞቼ አስረዳሁ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሻለቃ ስዋሶ መጣ። የአባቴ አለቃም ጓደኛም ነው፤ ሲስቅ ሆዱ ቀድሞት የሚስቅ ወፍራም ሰው። የዚያን ቀን አልሳቀም። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዞረዋል።

"ድንበሩን ሊያልፉ ነው" አለ። "ዛሬ ካልሆነ ነገ። መጀመሪያ የሚመጡትም በአየር ነው። ከተማችንን ይመታሉ፤ እኛም ከተማቸውን እንመታለን። አለቀ።"

"ከተማ መትተህ ምን ታገኛለህ?" አለ አባቴ ቆሞ።

"ሕዝቡ ይጮሃላ! መንግሥታቸው ይንበረከካል።"

"አንተ ቤትህ ላይ ቦምብ ቢወድቅ ትንበረከካለህ?"

"እኔማ የጣለውን ሰውዬ አንገቱን ነው የምቀነጥሰው።"

"እነሱስ ከምን የተሠሩ መሰሉህ? ሰው ላይ ቦምብ ስትጥል ይናደዳል እንጂ አይገዛልህም።" አባቴ ወደ መስኮቱ ሄዶ ተመለሰ። "ያሉን አውሮፕላኖች ሌላ አገር የጣላቸው አሮጌዎች ናቸው። እዚህም እዚያም ብትበትናቸው የትንኝ መንጋ ነው የሚሆኑት። አንድ ላይ አድርገህ አንድ ነገር ምታ። እሱ ሲጠፋ ሌላው ሁሉ የሚቆምበትን ነገር።"

"እሱ ምንድን ነው?"

"ነዳጅ። ሠራዊታቸው በእግሩ አይደለም የሚመጣው፤ በካሚዮን ነው። የአገሩ ነዳጅ ደግሞ በመርከብ መጥቶ የሚወርደው አንድ ቦታ ነው።"

ሁለቱም እናቴን ላለማየት ወለል ወለሉን ያዩ ጀመር። ምሳው ስለዘገየ አፍረው ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

"ያለን ካርታ የድሮ ነው" አለ አባቴ ቀስ ብሎ። "የነዳጅ ጋኖቹ ከመሠራታቸው በፊት የተሣለ።"

እናቴ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከምድጃው መጥታ ሳህኖቹን ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋቻቸው። ቢላዋውን አነሣችና ጋደም አደረገችው።

"ጭነት ማራገፊያው ይኸውላችሁ" አለች። "ከዚህ ወዲያ ባሕር ነው።" ሦስት የበቆሎ ቂጣ አጠገብ ላጠገብ አስቀመጠች። "ጋኖቹ እነዚህ ናቸው። ውኃው ሊነካቸው ምንም አይቀረው።" ከጨው ዕቃው እፍኝ ዘግና በስተቀኝ በተነችው። "ይኼ የጨው ማሳ ነው። ሰው አይኖርበትም።" በመጨረሻ ከድስቱ በማንኪያ አደንጓሬ አወጣችና ከቂጣዎቹ በስተኋላ፣ በተራራው በኩል፣ አንድ በአንድ ደረደረችው። በመስመር፣ እንደ መቁጠሪያ።

አንዱን አንሥቼ ልበላ ስል እጄን ለቀም አደረገችው።

"እሱን አይደለም!" ጮኸችብኝ። ወዲያው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እሱን አይደለም የኔ እመቤት። የአያትሽ ቤት እኮ ነው።"

እኔ ሳቅኩ። የአያቴን ቤት ልበላ ነበር! ሻለቃ ስዋሶ አልሳቀም። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ፦ ባሕር ልንሄድ ነው። አያቴን በፎቶ እንጂ በአካል አላውቃትም። አጎቴ ቼማ እነዚያ ጋኖች ጋ እንደሚሠራ፣ ዓሣም እንደሚያጠምድ ሰምቻለሁ። እናቴና አባቴ መንገዱን እየተማከሩ ነው።

"ስትመጡ በየት ነው?" ጠየቀች እናቴ።

"በተራራው በኩል" አለ አባቴ። "ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይን ከጀርባችን አድርገን። ከታች ያለው ሰው ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች፤ አያየንም። ለልጆቹ መጀመሪያ የማስተምረው ይህንን ነው።"

"በተራራው በኩል ከመጣችሁ በቤቶቹ ላይ ነው የምታልፉት።"

"እናልፋለን።"

"አንዱ ቢደነግጥና ቀድሞ ቢለቀውስ?"

አባቴ አደንጓሬዎቹን አየ።

"በዚህ ኑ።" ጣቷን ከቢላዋው ማዶ፣ ከባሕሩ፣ ከምዕራብ በኩል አስነሥታ ሰያፍ አድርጋ በቂጣዎቹ ላይ አሳለፈችው፤ ጣቷ ጨው ላይ ወጣ። "ያጠረው ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ያለፈው ጨው ማሳው ላይ ይወድቃል። ቤቶቹ ወደ ጎን ይቀራሉ።"

"ኤርሊንዳ፣ እህቴ" አለ ሻለቃ ስዋሶ፣ "በዚያ ከገቡ እኮ ፀሐይዋ እነሱ ዓይን ውስጥ ነው የምትገባው። ባልሽን ዕውር አድርገሽ መድፍ ፊት ልታቆሚው ነው?"

"የፈለጋችሁትን ነገርኳችሁ" አለች እናቴ። "ዋጋው ይኼ ነው። ደግሞ የሥራው ደወል ሳይደወል። ያን ጊዜ ዘበኛ ብቻ ነው ያለው፤ ቼማም ቤቱ ነው።"

አባቴ ጠረጴዛውን ዞሮ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። በዚያ ሰሞን ረጋ ብሎ ሲቆም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። "ከባሕር በኩል" አላት። "እሺ።"

"መቼ ነው የምንሄደው?" አልኩ እኔ።

ማንም አልመለሰልኝም። ስጦታን ከሕፃን የሚደብቁ ሰዎች እንዲህ እንደሚያደርጉ አውቅ ስለነበር ደስታዬ እጥፍ ሆነ።

በማግሥቱ ከቤታችን ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ዶኛ ኡርሱላ ሱቅ ሄድኩ። ዶኛ ማለት እኛ ዘንድ ወይዘሮ ነው፤ ኡርሱላም በሰፈሩ የምትፈራ ሴት ናት፤ ምላሷ ከሚዛኗ በላይ ትመዝናለች ይሏታል።

"የዋና ልብስ አለሽ?" አልኳት። "ባሕር ልንሄድ ነው፤ አያቴ ጋ።"

የምትወለውልበትን ጨርቅ አስቀመጠች። በሩን አየች፤ ባንኮኒው ላይ ተንጠራርታም ፊቷን ወደ ፊቴ አመጣችው።

"ይህንን ለማን ለማን ነግረሻል?"

"ለማንም።"

"ለማንም አትንገሪ። ለድመትሽም ቢሆን። ሰማሽ?" ከረሜላ አስጨበጠችኝ። "እናትሽንም፣ ዶኛ ኡርሱላ መንገዱ ጥሩ አይደለም ብላለች፣ ቤት ቆዩ ብላለች በያት።"

ቀናችብን ብዬ መልእክቱን አላደረስኩም። ዶኛ ኡርሱላ ግን እናቴ ድንበር ልትሻገር፣ ልትሸሽ ያሰበች መስሏት ነበር። በሚሸሹት የሳልቫዶር ሰዎች ላይ መንገድ ላይ ምን እንደሚደረግም ሰምታለች።

የዚያኑ ዕለት ወደ ማምሻው ላይ፣ እናቴ ልብስ ከገመድ እያወረደች፣ እኔ መቆንጠጫዎቹን እየሰበሰብኩ፣ አባቴ ለአንድ ሰዓት እረፍት መጥቶ ጓሮ ውስጥ እየተንጎራደደ፣ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ መጣ። ዕቃ የሚጭን ዓይነት ነው። የጎኑ በር ተከፍቷል። በሩ ላይ ሰዎች አየሁ፤ እየተጋገዙ አንድ ነገር በእግራቸው ይገፋሉ።

"ዕቃ እያራገፉ ነው!" ብዬ እጄን አውለበለብኩላቸው።

አባቴ መጥቶ መሬት ላይ ጣለኝና በላዬ ተኛብኝ። መሬቱ ደረቴን መታው። ደግሞ መታው። ቀና ስል ማኮብኮቢያው ላይ አቧራ ቆሟል፤ ከኛ በታች ካለው መንገድም ጭስ ይወጣል፤ ሴት ትጮሃለች። አባቴ አቧራውን እያየ ፈገግ ሲል አየሁት። "ባዶ አልጋ!" አለ። "ባዶ አልጋ ነው የመቱት!" እውነት ነበር፤ አውሮፕላኖቹ ሌላ ቦታ ናቸው። በታችኛው መንገድ ግን የአናጢው ቤት ግድግዳ በሚስቱ ላይ ወድቆ ነበር።

ወዲያው ጂፕ መጣ። አባቴ ጃኬቱን በአንድ እጁ ብቻ አጥልቆ ሮጠ። እናቴ ተከትላው እስከ መንገዱ ወጣች። ጎረቤት ሁሉ ውጭ ነው። ጂፑ ሊነሣ ሲል እናቴ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

"ከባሕር በኩል፣ አብሳሎን! ከባሕር በኩል!"

ሁሉም ዞር ብለው አዩዋት። እኔ ደስ አለኝ። ጉሮሮዋ ዳነ አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት የግቢያችን በር ተንኳኳ። ከፈትኩት። የሰፈሩ ሰው ተሰብስቧል፤ ዱላ የያዘ አለ፣ የአናጢው ወንድም አካፋ ይዟል። ሊጠይቋት የመጡ መሰለኝ።

"ድናለች!" አልኳቸው። "ጉሮሮዋ ድኗል!"

"ሰምተነዋል መዳኑን!" አለ ባለ አካፋው። "ጓናካዋን አውጪያት!"

ጓናኮ የሳልቫዶር ሰዎች መሰደቢያ መሆኑን አላውቅም። እኔ የማውቀው በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ያየሁትን አንገቱ ረጅም እንስሳ ነው።

"እኛ ቤት ጓናኮ የለም" አልኩ። "ድመት ብቻ ነው ያለን።"

አንድ ልጅ ሳቀ፤ እናቱ በጥፊ አለችው። ሰውየው በክንዱ ገፋ አድርጎኝ ሊገባ ሲል ዶኛ ኡርሱላ ከሱቋ በርጩማዋን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። በርጩማውን በራችን መሐል ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ትልቅ ሴት ናት፤ በሩ ሞላ።

"እሺ" አለች። "የሴትየዋ ባል አሁን የት ያለ ይመስላችኋል? አልጋው ላይ? ትናንት ለወደቀባችሁ ቦምብ መልስ ይዞ ሄዷል። ሲመለስ ሚስቱን ይጠይቃል። ማን ነው የሚነግረው? አንተ ነህ? አንቺ ነሽ? ሰልፍ ያዙና በየተራ ስማችሁን ንገሩኝ፣ እንዳልረሳ።"

"አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ ኡርሱላ! የወንድሜ ሚስት ሆስፒታል ናት!"

"ገብቶኛል። ሂድና አጠገቧ ተቀመጥ።"

አጉረመረሙ፤ ቆሙ፤ ከዚያ ከኋላ ያሉት መሄድ ጀመሩ። የመጨረሻው ሰውዬ ድንጋይ ወርውሮ የሳሎኑን መስታወት ሰበረው። ወረቀት የተለጠፈበት ስለሆነ አልተበተነም፤ ተሰንጥቆ እዚያው ተንጠለጠለ። አባቴ "ሰው ላይ ቦምብ ስትጥል ይናደዳል" ያለው እውነት እንደነበር የተረዳሁት ሴት ልጅ ወልጄ፣ ይህን ሁሉ ስነግራት ነው። የተናደደው ሰው ዱላውን ይዞ የመጣው ወደ እኛ ቤት ነበር።

እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ወጥ ቤት ነበረች። ገብቼ "እንግዶቹ ሄዱ" አልኳት። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣሪያውን ታያለች። ፈርታ የተደበቀች ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ዱላውንም ጩኸቱንም ከነጭራሹ የሰማች አይመስለኝም። ሰማዩን ነበር የምታዳምጠው።

አባቴ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ዓይኖቹ ደም መስለዋል፤ እንባቸው ይወርዳል፤ ብርሃኑን ሸሽቶ ወደ ጨለማው የኮሪደር ጥግ ገባ። ባሕር ውስጥ ዓይኑን ገልጦ የሚዋኝ ሰው እንዲህ እንደሚሆን አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ነግራኝ ነበር።

"ባሕር ሄደሃል!" አልኩት። "ጥለኸን ሄደሃል!"

"አዎ" አለ። "ሄጃለሁ።"

"አያቴንስ አየሃት?"

እኔን ትቶ እናቴን ተመለከተ። "ጣሪያዋን አየሁት" አለ። "ደህና ነው። የሁሉም ጣሪያ ደህና ነው።"

እናቴ ባለችበት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ቼማስ?"

"ሰው አላየሁም። ፀሐይዋ... ከላይ ሰው አይታይም ኤርሊንዳ። ጋኖቹ ተቃጥለዋል፤ ያን ብቻ ነው ያየሁት።"

እኔ እያለቀስኩ ክፍሌ ገባሁ። ሁለት ቀን አላናገርኩትም። ጥሎን ባሕር የሄደ አባት ምን ይባላል?

ጦርነቱ ሳምንት አልሞላውም። ድንበር ያለፉት ካሚዮኖች ነዳጅ አጥተው በየመንገዱ ቆሙ፤ ከዚያም አገሮች ገብተው ገላገሉ። አባቴ ያችን ጠዋት ዓመት በዓመት ለተማሪዎቹ ሰሌዳ ላይ ይሥላት ነበር። ጥቂት አውሮፕላን፣ አንድ ዒላማ፣ የቆመ ሠራዊት። ሁልጊዜ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል፦ "መቶ አለቃም ቢሆን ፀሐይን ከጀርባ ያደርጋል፤ እርስዎ ለምን ፊት ለፊት ገቡ?" አባቴ "ዋጋው ነበር" ብሎ ሰሌዳውን ያጠፋል። ይህን የነገረኝ አንድ ተማሪው ነው፣ ቀብሩ ላይ። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ደማቅ ብርሃን ሳያስለቅሰው የኖረበት ቀን አልነበረም።

ድንበሩ ለዓመታት ተዘጋ። ሲከፈት ደግሞ ከዚያ ወገን የራሳቸው የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። አያቴ አልጋዋ ላይ እንደሞተች፣ ቼማ በሕይወት እንዳለ በሰው በሰው ሰማን። "ቼማ አለ" ትል ነበር እናቴ፤ ሽንኩርት እየላጠች፣ አውቶቡስ እየጠበቀች፣ ከምንም ተነሥታ። "ቼማ አለ። ቤቶቹም አሉ።" በዚያች ወሬ ነበር ቆማ የኖረችው።

እዚያ ሰላም ሲወርድ ይዣት ሄድኩ። እሷ ፀጉሯ ሸብቷል፤ እኔ ሠላሳ አልፎኛል።

ላ ሳሊና ልክ እናቴ ጠረጴዛው ላይ እንደሠራቻት ነበረች። ማራገፊያው፣ ጋኖቹ (አዲስ ናቸው)፣ በስተቀኝ የጨው ማሳው፣ ከኋላ በመስመር ቤቶቹ። አጎቴ ቼማ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አስቀመጠን። አንድ ጆሮው ተጨማድዷል፤ ከጆሮው እስከ ትከሻው ቆዳው እንደ ቀለጠ ሰም ነው። ሲያቅፋት በዚያ በኩል እንዳትነካው ዞር አለ። ልጆቹን አስተዋወቀን፤ የልጅ ልጆቹን አስተዋወቀን፤ ሁሉም እዚያው መስመር ላይ ነው የሚኖሩት። እናቴ የእያንዳንዳቸውን ፊት ይዛ ሳመች፤ አንዱንም ሳታልፍ።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩት ኋላ፣ ወደ አንገቱ እየጠቆምኩ። እናቴ በጉልበቷ ነካ አድርጋኝ ነበር፤ ዘግይታለች።

"የዚያን ጊዜው ነዋ!" አለ። "የናንተዎቹ! አንቺ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርሽ። ያን ቀን ደወል እንኳ አልተደወለም። ጦሩ ድንበር ሊሻገር ነዳጅ ፈልጎ ገና በጨለማው ነው ቀስቅሶ የወሰደን። በርሜል እየሞላን ነበር።"

እናቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"እሳት ከተነሣ ወደ ውኃው ሩጡ ነው የተባልነው" ቀጠለ። "በየወሩ ያለማምዱን ነበር፤ ፉጨት ሲነፋ ወደ ባሕሩ። የአውሮፕላን ድምፅ ስንሰማ ሁሉም እንደለመደው ሮጠ። እኔ ልጆቼ ትዝ ብለውኝ ወደ ቤት ሮጥኩ። ጋኑ ሲፈነዳ ከኋላዬ ደረሰብኝ፤ በዚህ በኩል ብቻ። እነዚያ ግን..." እጁን ወደ ባሕሩ አወዛወዘ። "ከባሕር መጡ። ፀሐይን ፊት ለፊት ይዞ የሚመጣ እብድ ነው፤ ማን ይጠብቃል? የመጀመሪያዎቹ ቦምቦች አጠሩ፤ ውኃው ላይ ወደቁ። የሥራ ጓደኞቼ ውኃው ውስጥ ነበሩ።"

"ማን ማን?" አለች እናቴ።

"ታውቂያቸዋለሽ። የፓስ ወንድማማቾች ሁለቱም። የሎንቻ ባል፣ ሩቲሊዮ። ያ አኮርዲዮን የሚጫወተው..."

"ቼማ፣ እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"ከባሕር ኑ ያልኳቸው እኔ ነኝ። በተራራው በኩል ቢመጡ በቤቶቹ... እናታችን... ልጆችህ... ደወሉ ሳይደወል ብያቸው ነበር..."

ይጮሃል ብዬ ተሰናዳሁ። ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። አጎቴ አልጮኸም። የቤቶቹን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አየ። ሴት ልጁ ደጃፏ ላይ የልጇን ፀጉር ታበጥራለች፤ ልጅቷ ትቁነጠነጣለች። ረጅም ሰዓት አያቸው። ከዚያ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ፤ እሱንም እንደዚያው አየው። የተጨማደደውን ጆሮውን አሸት አሸት አደረገ።

"ደወሉን አምነሽ ነው" አለ በመጨረሻ።

"አዎ።"

"ሁላችንም ደወሉን ነበር የምናምነው።"

ይቅርታ አላለችውም፤ ይቅርም አላላት። ከቤቶቹ በኩል የነጠላ ጫማ ድምፅ ሲመጣ ግን ድንገት ወደ እሷ ጎንበስ አለና ክንዷን ያዛት።

"ለሎንቻ እንዳትነግሪያት። ሰማሽኝ? ለሎንቻ አትንገሪያት።"

ሎንቻ ትኩስ ድስት በጨርቅ ይዛ መጣች፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ጥርሷ የወላለቀ አሮጊት። ድስቱን አስቀምጣ እናቴን ከወንበሯ አስነሣቻት፤ አቀፈቻት፤ ገፋ አድርጋ አየቻትና መልሳ አቀፈቻት።

"ኤርሊንዳ! አንቺ ከሃዲ! ያን ሁሉ ዓመት! እዚያ ምግብ አይሰጡሽም እንዴ? ምነው ክስት አልሽ? ቁጭ በይ፣ ቁጭ በይ። የዓሣ ሾርባ ነው፤ ያንቺው አገር ሾርባ።"

በጎድጓዳ ሳህን ቀዳችላት። ማንኪያውን እጇ ላይ አስጨበጠቻት፤ ወገቧን ይዛም ከፊቷ ቆመች። እናቴ ወንድሟን አየችው። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

"ምነው? ጨው በዛበት?" አለች ሎንቻ። "ሳትቀምሺው!"

"አይ" አለች እናቴ። "አልበዛም።"

በላች። ሎንቻ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ከፊቷ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ደስ ብሏት ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ሰደደችና ደግማ ሞላችላት፤ እናቴ እሱንም በላች።